ወደ ፍጥሞ፣ በሬይ ሃባርድ በኩል

«መቼ ነው የምትቀስሰው?»

ከተሰሎንቄ ከተመለስኩ ወዲህ ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም። ጋርላንድ ያለው የሐበሻ ግሮሰሪ ባለቤት ምስር እየመዘነ ጠይቆኛል። ፀጉሬን የሚቆርጠኝ ልጅ፣ እሱ ራሱ ፕሮቴስታንት ሆኖ ሳለ፣ ምላጩን አንገቴ ላይ አድርጎ ጠይቆኛል። ለሁሉም የምመልሰው «እግዚአብሔር ሲፈቅድ» ብዬ ነው። የዚህ መልስ ጥሩነቱ ማንም ሊከራከርበት አለመቻሉ ነው። ክፋቱ ደግሞ መልስ አለመሆኑ።

ስሜ እንድሪያስ ነው፤ የተወለድኩት እዚሁ ዳላስ ነው። በልጅነቴ ለጉብኝት የመጡ ጳጳስ ዲቁና ሰጡኝ። ድምፄ ቀጭንና ጥርት ያለ ስለነበር ቅዳሴ ላይ እናቶች ያለቅሱልኝ ነበር። ሳድግ ደብሩ ነገረ መለኮት ተምሬ ቄስ ሆኜ እንድመለስ ወደ ግሪክ ላከኝ። ከዓመታት በኋላ ሁለት ወረቀት ይዤ መጣሁ። አንደኛው ዲግሪዬ ነው፤ እናቴ ዋይሊ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቅላዋለች። ሁለተኛው የባለ ሸራ ጀልባ መንጃ ፈቃዴ ነው፤ እሱ ኪሴ ውስጥ ይኖራል። የማልጠራጠረው ሁለተኛውን ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ዶርም አብሮኝ የነበረው ልጅ አጎት ሌሮስ በምትባል ደሴት ላይ ለቱሪስቶች ጀልባ ያከራያሉ። ትምህርት በተዘጋ ቁጥር እዚያ እየሄድኩ መጀመሪያ ወለል አጠብኩ፣ ከዚያ ገመድ ያዝኩ፣ በመጨረሻ መሪ ጨበጥኩ። ጀርመኖቹና ፈረንሳዮቹ ከደሴት ደሴት ሲዞሩ የሚነዳቸው እኔ ነበርኩ። ክፍል ውስጥ ስለ ነፍስ አለመሞት ሲጠይቁኝ ሦስት መጽሐፍ ጠቅሼ እንኳ እርግጠኛ አልሆንም ነበር። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሲጠይቁኝ ግን ጉንጬን አዙሬ ወዲያው እነግራቸዋለሁ።

አሁን ቤድፎርድ በሚገኝ አንድ የጥርስ ሐኪም ቢሮ ተቀምጬ ከኢንሹራንስ ሰዎች ጋር በስልክ እጨቃጨቃለሁ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ጋሼ ኃይለ መስቀል ትከሻዬን ያዙኝ። ጋሼ የክርስትና አባቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኤርፖርት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ የደብሩን መንፈሳዊ ጉዞ ሁሉ የሚያዘጋጁትም እሳቸው ናቸው። የሚጠይቁኝን ስለማውቅ «እግዚአብሔር ሲፈቅድ» ለማለት አፌን ከፈትኩ።

«ጀልባ ትነዳለህ አሉ» አሉኝ።

አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ከመጣሁ ጀምሮ መልሱን የማውቀው ጥያቄ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«እነዳለሁ ጋሼ።»

«ባለ ሸራ?»

«ባለ ሸራ።»

ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፍጥሞን አይተሃታል?»

ፍጥሞ ወንጌላዊው ዮሐንስ ተግዞ ራእዩን ያየባት ደሴት ናት። ከሌሮስ በጥሩ ነፋስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። «ስንት ጊዜ ጋሼ! ወደቡ ላይ ጥሩ አይስክሬም አለ» አልኳቸው።

አይስክሬሙን አልወደዱትም። ቢሆንም ዕቅዳቸውን ነገሩኝ። ከመስቀል በዓል በኋላ እሳቸው፣ ባለቤታቸው እትዬ አይናዲስ፣ ልጃቸው ሃይሚና የደብሩ ከበሮ መቺ ስምዖን ሆነው ግሪክ ይሄዳሉ። ከሌሮስ ባለ ሸራ ጀልባ ተከራይተው፣ እኔ እየነዳኋቸው፣ አንድ ሳምንት በደሴቶቹ መካከል ዞረው ፍጥሞ ይደርሳሉ።

«ትልቅ መርከብም አለ እኮ ጋሼ» አልኩ።

«ዮሐንስ ቡፌ ባለው መርከብ አልሄደም» አሉኝ።

እንቅፋቱ አንድ ብቻ ነበር። እትዬ አይናዲስ ውኃ ይፈራሉ። «ልጁ መጀመሪያ እዚሁ ሐይቅ ላይ ይንዳኝ» ብለዋል። «በሰላም ካወረደኝ እሄዳለሁ። ካላወረደኝ እኔም አልሄድ፣ አንተም አትሄድ።» እትዬ አትሄድም ያሉት ሰው ደግሞ የትም አይሄድም።

ጋሼ የጓጉት ለፍጥሞ ነው። እኔ የጓጓሁት ለሌላ ነገር ነበር። ባደግኩበት ደብር ውስጥ አንድ ሰው እንኳ «ካፒቴን» ብሎ ቢጠራኝ፣ ቄስ ሳልሆን መመለሴ በከንቱ አልነበረም ማለት ይሆናል። ለዚያ ደግሞ እትዬን ይዤ ሐይቁ ላይ ወጥቼ በሰላም መመለስ ነበረብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሮውሌት፣ ሬይ ሃባርድ ሐይቅ ዳር ተገናኘን። ሐምሌ ነው፤ የመኪና በር እጀታ እጅ ያቃጥላል። አንድ አንድ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ይዛችሁ ኑ ብያቸው ነበር። እትዬ አይናዲስ ግን እንደ አውቶቡስ ጉዞ ቆጥረውት ሙሉ ደብር የሚያበላ ምግብ በሁለት ትልልቅ የበረዶ ሣጥን ጭነው መጡ። ስምዖን ከበሮውን በትከሻው አንጠልጥሏል።

«ከበሮው ለምንድነው?» አልኩት።

«ጉዞ አይደል እንዴ?» አለኝ፤ የሞኝ ጥያቄ የጠየቅሁት እኔ ሆንኩ።

ጀልባዋን ያከራየን ሽማግሌ ቴክሳን ሰፊ ባርኔጣውን ደፍቶ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየናል። እኔ ሰዎቼን ጀልባዋ የታሰረችበት መወጣጫ ላይ ሰብስቤ ማስረዳት ጀመርኩ።

«ይህን አግዳሚ ብረት አያችሁት? ሸራውን ከሥር የያዘው እሱ ነው። ነፋስ ከኋላችን ሲሆን ድንገት ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይወረወራል። መንገዱ ላይ ጭንቅላት ካገኘ ይመታል። ስለዚህ እኔ ‹ዝቅ!› ስል ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ጎንበስ ትላላችሁ።»

ስምዖን እጁን አወጣ። ታክሲም፣ ኡበርም፣ የጭነት መኪናም ነድቷል። «ፍሬኑ የት ነው?»

«ፍሬን የለውም።»

«ፍሬን በሌለው ነገር ላይ ነው እትዬ አይናዲስን የምታሳፍረው?»

እትዬ አማተቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እንድርዬ፣ ‹ዝቅ› የምትለው ለጋሼህም ነው?»

«ለሁላችሁም ነው እትዬ።»

«ዳይፐርህን የቀየርኩ ሴትዮ ነኝ እኮ። አንተ እኔን ‹ዝቅ› ልትለኝ?»

«ኦ ማይ ጋድ፣ እማዬ» አለች ሃይሚ። ሃይሚ ነርስ ናት፤ ከሌሊት ሥራ ወጥታ ቀጥታ ነው የመጣችው። «ሴፍቲ ነው። ሆስፒታል ብትሆኚ እኔም ዝቅ በይ እልሻለሁ።»

«አንቺማ ልጄ ነሽ፤ የለመደብሽ ነው።»

«‹እባካችሁ ዝቅ በሉልኝ› እላለሁ እትዬ» አልኩ። እንዲህ ብዬ እስክጨርስ ብረቱ ሁለት ጊዜ ደርሶ እንደሚመለስ ግን ልቤ ያውቅ ነበር።

ቀጥሎ መሳፈር መጣ። በየትኛውም የሐበሻ በር ላይ የሚሆነው እዚህም ሆነ፤ ልዩነቱ በሩ የሚንቀሳቀስ መሆኑ ነው።

ጋሼ አንድ እግራቸውን ጀልባዋ ላይ አድርገው ቆሙና ወደ ኋላ ዞሩ። «ስምዖን፣ ግባ።»

«ኧረ በፍጹም! እርስዎ ይግቡ።»

«አይናዲስ፣ እሺ አንቺ ግቢ።»

«አንተ ሳትገባ?»

«ጋሼ» አልኩ፣ «እባክዎ ወይ ይግቡ ወይ…»

«ስምዖን፣ በሞቴ።»

«በኔ ሞት ጋሼ፣ አላደርገውም።»

ጀልባዋ ከመወጣጫው ቀስ እያለች ትርቅ ጀመር። የጋሼ እግሮችም እንዲሁ። በመጨረሻ ሃይሚ አባቷን ከኋላ ገፋቻቸውና ገቡ። ስምዖን ከበሮውን አቅፎ ሲዘል አንድ ጫማው ሐይቁ ውስጥ ቀረ። ቴክሳኑ ከያዘው ለስላሳ ተጎነጨና ባርኔጣውን አስተካከለ።

ሐይቁ መሐል ስንደርስ ግን ነገሩ ሁሉ አማረ። ሞተሩን አጥፍቼ ሸራውን ወጠርኩት። የሞተሩ ድምፅ ሲቆም የሚመጣው ጸጥታ መጣ፤ ውኃው ከሥር የሚያልፍበት ድምፅ ብቻ ቀረ። ያንን ጸጥታ ሌሮስ ትቼው የመጣሁ መስሎኝ ነበር። ቀና ስል ሁሉም ወደ ላይ፣ ወደ ሸራው፣ ያያሉ።

«ያለ ነዳጅ» አለ ስምዖን በመጨረሻ፣ ድምፁ ተቀይሮ። «ምንም ነዳጅ ሳይበላ!»

እትዬ አይናዲስ አንድ እጃቸውን ከጀልባዋ ጠርዝ አነሱ። ከዚያ ሁለተኛውን። ቀጥሎ ከበረዶው ሣጥን ዳቦ አውጥተው ለእኔ ትልቁን ቆረሱልኝ። «ብላ፣ ካፒቴን» አሉኝ።

እንደ ቀልድ ነው ያሉት። እኔ ግን ቃሉን ከዳቦው ጋር ቀስ ብዬ አላመጥኩት።

ለመመለስ ጀልባዋን አዞርኩ። አሁን ነፋሱ ከኋላችን ሆነ። ለዚህ ነው ያስተማርኳቸው፤ ዓይኔን ከብረቱ ላይ አላነሳሁም። ልክ በዚያን ጊዜ ጋሼ ኃይለ መስቀል በሩቅ የሚታየውን የአውራ ጎዳናውን ድልድይ ሊያሳዩን ብድግ አሉ።

እኛ ያደግነው ታላቅ ሰው ሲነሣ ተቀምጦ ማየት ነውር ነው ተብለን ነው። ስምዖን ከነከበሮው ብድግ አለ። «ኖር!» እትዬም ብድግ አሉ። ተቀምጣ የቀረችው ሃይሚ ብቻ ናት፤ እሷም እንቅልፍ ጥሏት ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ጋደል አለች።

«በእግዜር፣ በእግዜር!» አሉ ጋሼ። «ተቀመጡ እንጂ!»

«እርስዎ ቆመው?» አለ ስምዖን።

«እኔ ድልድዩን ላሳያችሁ ነው። ተቀመጡ።»

«እርስዎ ይቀመጡና እንቀመጣለን።»

«እናንተ ቆማችሁ እኔ እንዴት እቀመጣለሁ?»

ሦስቱም ቆመው ተገባበዙ። ብረቱ ደግሞ በትክክል ከሦስቱ ጭንቅላት ትይዩ ነው። ከኋላዬ የነፋሱ ድምፅ ሲቀየር ሰማሁ፤ ሸራው በጠርዙ መርገብገብ ጀመረ።

«ዝቅ!» ብዬ ጮህኩ።

ሦስቱም ዞረው አዩኝ።

«ማንን ነው?» አሉ እትዬ።

«ሁላችሁንም! ዝቅ በሉ! እባካችሁ! ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና…»

«ቆይ አንድ ጊዜ፣ ልጁ የሚለው ነገር አለ» አሉ ጋሼ፤ ይበልጥ ቀጥ ብለውም ቆሙ፣ በደንብ ሊያዳምጡኝ።

ብረቱ ተነቃነቀ። ያን ጊዜ የሆነውን እስከ ዛሬ በቅጡ ማስረዳት አልችልም። አስቤ አይደለም። ሆዴ ውስጥ፣ ከዲግሪውም ከመንጃ ፈቃዱም በታች፣ አንድ የተኛ ነገር ተነሣ። አፌን ከፈትኩና በቅዳሴ ዜማ፣ እንደ ልጅነቴ ድምፄን አውጥቼ፣

«ስግዱ—!» አልኩ።

በቅዳሴ ዲያቆኑ ይህን ሲል ጥያቄ የለም፣ ግብዣ የለም፣ ዕድሜ የለም፤ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ በአንድ ጊዜ ያጎነብሳል። ሦስቱም እንደ አንድ ሰው ታጠፉ። ስምዖን ከበሮው ላይ ተደፋ። ብረቱ ከጀርባቸው በላይ ፉጨት አሰምቶ አለፈና በሌላኛው ጎን ቋ ብሎ ቆመ። እነሱ ይህን ልብ አላሉም። እንዳጎነበሱ፣ በሐይቁ መሐል፣ የሕዝቡን ተሰጥዎ በሙሉ ዜማው እየመለሱልኝ ነበር። ስምዖን የመጨረሻዋን ቃል ከከበሮው ጋር አሳረጋት።



ሃይሚ ከወለሉ አንድ ዓይኗን ገለጠች። ብረቱን አየች፣ ወላጆቿን አየች፣ እኔን አየች። «እንድሪያስ» አለችኝ በሹክሹክታ። «አለቀልህ።»

እትዬ አይናዲስ ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። «ድምፁን ሰማችሁት?»

«ሰማሁት» አሉ ጋሼ።

«ያው ነው። የድሮው ድምፅ! ቅንጣት አልተለወጠም።»

«እትዬ፣ ብረቱ እኮ ሊመታችሁ…»

«የምን ብረት?» አሉኝ።

መወጣጫው ላይ ስናስር ቴክሳኑ ከወንበሩ ተነሥቶ መጣ። ጀልባ ሲያከራይ ዕድሜውን እንደ ፈጀ፣ እንዲህ በአንድ ቃል የሚታዘዝ ባሕረኛ ግን አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። የዘፈኑን ቃል እንድጽፍለት ለመነኝ። ይህ ሰው ካፒቴን ብሎኛል፤ ሁለት ጊዜ። ምን ያደርጋል፣ የደብራችን አባል አይደለም።

እትዬ አይናዲስ መሬት ረግጠው፣ ሦስት ጊዜ አማትበው፣ ፍርዳቸውን ሰጡ።

«እሄዳለሁ።»

ዘልዬ ላቅፋቸው ነበር።

«እሄዳለሁ» አሉ ደግመው፣ «ግን ካፒቴን አምኜ አይደለም። ካፒቴን አላውቅም። ካህን ግን አውቃለሁ። ቀሚስህን እኔ ነኝ የማሰፋው፤ ለብሰህ ነው የምትነዳን።»

«እትዬ፣ እኔ ገና…»

«ዛሬ ያየነውን አይተናል።»

ጋሼ ከኋላቸው ጣታቸውን እያጠፉ ማሰብ ጀምረዋል። «ሁሉንም ትእዛዝ ከቅዳሴው ማውጣት ይቻላል። ወደብ ስንደርስ ‹የተቀመጣችሁ ተነሡ› ትላለህ። ስንዞር ‹ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ›።»

«ወደ ምዕራብ ስንዞርስ?» አለ ስምዖን፣ ባንድ ጫማው ቆሞ።

ጋሼ ያጠፏትን ጣት መልሰው ዘረጉ። «ወደ ምዕራብ አንዞርም» አሉ።

የዚያን ቀን ማታ ስምዖን ቴሌግራም ላይ «የፍጥሞ ጉዞ» የሚል ግሩፕ ከፈተ። ስንጀምር አምስት ነበርን። ሰኞ በምሳ ሰዓት ከኢንሹራንስ ሰው ጋር እየተጨቃጨቅሁ ስመለከት የጀልባዋን ልክ አልፈናል፤ ማክሰኞ የአንድ አውቶቡስ ሰው ሆነናል። የማላውቃቸው ሰዎች «ቀሲስ እንድሪያስ፣ ለሁለት ልጆች ቦታ አለ?» ይሉኛል። አንዷ የምራቷን ፎቶ ልካ እንድጸልይላት ጠየቀችኝ። ጸጉር ቆራጩ ልጅ ሳይቀር ደወለ። «ሰማሁ» አለኝ፤ «ፕሬይዝ ጎድ።»

ይህ ሁሉ ያስቃል፤ ሳቄን ግን ከሐይቁ ይዤው የመጣሁት አንድ ነገር ያቋርጠዋል። የጀልባ መሪ የሚይዝ ሰው የሚቀመጠው ከኋላ ጥግ ነው። አግዳሚው ብረት እዚያ አይደርስም፤ ይህን ለጀርመኖች ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ። ያን ቀን ግን ብረቱ ሲያልፍ ያየሁት የጀልባዋን ወለልና የጫማዬን ማሰሪያ ነው። እኔም አጎንብሼ ነበር። ለብረቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለምን እንደሆነ ግን፣ ተሰሎንቄ ሳለሁ ስድስት ወር ሙሉ ስለ ስግደት ታሪክ የጻፍኩት ወረቀትም ሊነግረኝ አልቻለም።

ረቡዕ ሃይሚ ኮል አደረገችልኝ።

«ሶሪ» አለች ገና ሄሎ ሳልል። «እማዬ የትከሻህን ልክ ላክ ብላለች። ሶ፣ ጨርቁን ገዝታለች። ጥቁር ነው። ቆንጆ ነው፣ ማለቴ፣ እንደ ጨርቅ።»

«ሃይሚ፣ ቀሚስ ለብሶ ገመድ አይሳብም። ይጠልፈኛል፣ ባሕር ውስጥ እገባለሁ።»

«ለሷ ንገራት።»

«አንቺ ንገሪልኝ።»

«ኖ ዌይ። እኔ ነርስ ነኝ እንጂ ሰማዕት አይደለሁም። ለአባዬ ጻፍለት፤ እሱ ቢያንስ ያነባል።»

ስልኩን ዘግቼ ለጋሼ ጻፍኩ፤ አጠፋሁ፤ እንደገና ጻፍኩ። ብዙ ነገር ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ ስለ ጥርጣሬዬ፣ ስለ ነፋሱ፣ ስላጎነበስኩት። በመጨረሻ የላክሁት ይህን ብቻ ነው፦

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። ፍጥሞ እወስዳችኋለሁ፤ የምወስዳችሁ ግን እንደ ካፒቴን ነው። ‹መቼ ነው የምትቀስሰው› ለሚለው ገና መልስ የለኝም። እባክዎ እትዬ ጨርቁን እንዳይቆርጡት ይንገሩልኝ።»

መድረሱን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው ታየ፤ ከጥቂት ቆይታ በኋላም መነበቡን የሚያሳየው። ጋሼ መጻፍ ጀመሩ፣ ቆሙ፣ እንደገና መጻፍ ጀመሩ፣ ቆሙ።

የጻፉትን ግን እስከ ዛሬ አልላኩልኝም፤ ለካ ጋሼም ገና መልስ የላቸውም።